የሻይ ቅጠልን ዕድሜ ከፎቶግራፍ መለየት ይቻላልን?

በምሥራቅ አፍሪካ ሻይ የሚወደደው ትኩስ ሳለ ነው። ከኬንያ ደጋማ ስፍራዎች ተነሥቶ በሞምባሳ ጨረታ የሚሸጠውም ሆነ ከውሽውሽና ከጉማሮ የሚመጣው ጥቁር ሻይ በቆየ ቁጥር መዓዛው ይደክማል እንጂ ዋጋው አይጨምርም። በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ግዛት፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፑኧር የተሰኘው ሻይ ዕድሜው በገፋ መጠን ይወደዳል። ሻጩ «ሃያ ዓመት የቆየ» ብሎ ፎቶግራፍ ያቀርባል፤ ገዥው ደግሞ ቅጠሉን ሳይነካና ሳያሸት በምስሉ ብቻ እንዲወስን ይጠየቃል። የፑኧር ዋጋ እ.አ.አ. በ2007 ሰማይ ነክቶ በዚያው ዓመት ሲወድቅ ብዙዎች ከስረዋልና ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ጥሬው ፑኧር፣ ቻይናውያን «ሸንግ» የሚሉት፣ ከተለቀመ በኋላ በብረት ምጣድ ይታመሳል፣ ይታሻል፣ በፀሐይ ይደርቃል። አንዳንዱ እንዲሁ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል፤ አብዛኛው ግን በእንፋሎት ለስልሶ ክብ ሆኖ ይጠፈጠፋል። የተለመደው ጥፍጥፍ 357 ግራም ይመዝናል። አዲስ ሳለ ቅጠሉ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ፣ እንቡጡም ብርማ ነው። ዓመታት ሲያልፉ በውስጡ ያሉት ካቴኪን የተባሉ ውህዶች ከአየር ጋር እየተዋሐዱ ቡናማ ቀለም ወዳላቸው ውህዶች ይለወጣሉ። የተፈላው ሻይም ከፈዛዛ ቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል።

ችግሩ ይህ ለውጥ በሁሉም ቦታ በእኩል ፍጥነት አለመሄዱ ነው። ደረቅ አየር ባላት በኩንሚንግ የተቀመጠ ሻይ በዝግታ ሲጠቁር፣ በሞቃታማዎቹና እርጥበት በሚበዛባቸው በሆንግ ኮንግ ወይም በጓንዡ የከረመው ይፈጥናል። ስለዚህ የዐሥር ዓመቱ ሻይ ከሃያ ዓመቱ ይልቅ ያረጀ ሊመስል ይችላል። ከዚህ የባሰ ማሳሳቻም አለ። እ.አ.አ. በ1970ዎቹ የዩናን ፋብሪካዎች ቅጠሉን ከምረው፣ ውሃ አርከፍክፈውና ሸፍነው በሳምንታት ውስጥ የሚያብላሉበትን ዘዴ አዳበሩ። «ሾው» ወይም ብስል የሚባለው ይህ ዓይነት ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ጥቁር ቡናማ ነው። ላልለመደ ዓይን የትናንቱ ብስል የአያት ዘመን ጥሬ ሊመስል ይችላል።

በዚህ ላይ ካሜራው የራሱን ስህተት ይጨምራል። ሻይ ቅጠል በቢጫ አምፖል ሥር ሲነሣ ይቀላል፤ ማለትም «ያረጃል»። የስልክ ካሜራ ብርሃንን በራሱ ስለሚመጥን፣ ምስሉን ጥቁር ቅጠል ሲሞላው ያፈካዋል፤ ያንኑ ቅጠል በሰፊ ነጭ ወረቀት ላይ ሲያገኘው ደግሞ ያጠቁረዋል። ሁለት ሻዮችን በሁለት የተለያዩ ፎቶግራፎች ማወዳደር ከንቱ ድካም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጥሩ ምስል የሚፈልግ ሰው ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ የቤቱን መብራት አጥፍቶ፣ ያለ ፍላሽ ያንሣ። ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚጠቀሙበትን ግራጫ ካርድ፣ ከታጣም ነጭ ሲኒ፣ በምስሉ ውስጥ ማስቀመጥ ቀለሙ መዛባቱን ለመለየት ይረዳል። ዕድሜው በእርግጥ የሚታወቅ ሌላ ሻይ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ደግሞ ከማናቸውም ይበልጣል። የተፈላው ሻይ የሚነሣ ከሆነ መጠኑ እኩል ይሁን። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለሻይ ቅምሻ ያወጣው ልኬት ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ቅጠልና 6 ደቂቃ ነው። የሲኒው ጥልቀትም መዘንጋት የለበትም፤ ያው ሻይ በጥልቅ ኩባያ ጠቁሮ፣ በጠፍጣፋ ሲኒ ፈዝዞ ይታያል።

ከደረቁ ቅጠል ይልቅ ብዙ የሚናገረው ተፈልቶ የተጠለለው ነው። ሻጮች ግን ይህን ምስል እምብዛም አያቀርቡም። ያረጀ ጥሬ ፑኧር ሲርስ ይዘረጋል፣ ይለሰልሳል፤ ቡናማ ቢሆንም አንዳንዴ የአረንጓዴ ቅሪት ይታይበታል። ብስሉ ግን ጥቁር ሆኖ ብዙውን ጊዜ እንደተጨማደደ ይቀራል። በደረቁ ላይ የሚታየው ነጭ ነገርም ሁሉ ሻጋታ አይደለም። የእንቡጡ ፀጉር በቅጠሉ አቅጣጫ ተኝቶ ያብለጨልጫል፤ ሻጋታ ግን ቅጠሉንም ግንዱንም ሳይለይ እንደ ዱቄት በየቦታው ተነስንሶ ይታያል።

በእኛ አካባቢ በብዛት የሚጠጣውን፣ በማሽን ተፈጭቶ የተድቦለቦለውን ጥቁር ሻይ በዚህ መንገድ መመርመር አይቻልም። ፍሬዎቹ ግራጫ ሲመስሉ ብዙዎች አሮጌ ነው ይላሉ፤ ይህ ግን በማበጠርና በማጓጓዝ ወቅት እርስ በርስ በመፋተግም ይመጣል።

እንግዲህ ፎቶግራፍ ጥሬውን ከብስሉ ሊለይ፣ መጥፎ አቀማመጥን ሊያጋልጥ፣ «ሠላሳ ዓመት» የተባለውን ገና አረንጓዴ ቅጠል ውድቅ ሊያደርግ ይችላል። የዐሥራ አምስቱን ከሃያው መለየት ግን አይሆንለትም። በመጠቅለያው ላይ የታተመው ዓመትም እንደገና ሊታተም የሚችል ወረቀት ነው፤ ልቅ ሻይ ደግሞ ያም ላይኖረው ይችላል። ሻጩ ለዕድሜው ከፍ ያለ ዋጋ ከጠየቀ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ለሁለት ጊዜ ማፍያ የሚበቃ ጥቂት ግራም ናሙና ማስላክ ያዋጣል።