«ጠፍተው ነበር» ስለተባሉት ሰውዬ እና ስለ አንድ ካሴት

ዛሬም ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ማታ ከኤርፖርት አንድ ወጣት ፈረንጅ ጭኜ ወደ ግሌንዴል እየሄድኩ ነው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ጠየቀኝ፤ ነኝ አልኩት። ወዲያው ፊቱ በራ። «ኃይሉ መርጊያን ታውቃለህ? ያ ታክሲ ነጂው! ጠፍቶ የተገኘው!» አለኝ። ደንበኛ ነውና ፈገግ ብዬ አለፍኩ። «ጠፍቶ የተገኘው» የምትለዋ ነገር ግን እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። እሱን አውርጄ ስመለስ የምለው ሁሉ መጣልኝ፤ እንግዲህ እናንተ ስሙት።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የእኛው እዚህ ከመጣን ወዲህ ተምታቶብናል።

ጋሽ ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ፣ አዲስ አበባ አደጉ፣ አኮርዲዮን በልጅነት ራሳቸውን አስተማሩ። ከዚያ ዋልያስ ባንድ መጣ። የዋልያስን ነገር ብዙ ሰው በዘፈኑ ብቻ ያውቀዋል፤ እኔን የሚገርመኝ አደረጃጀቱ ነው። ከዚያ በፊት ትልልቆቹ ባንዶች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ነበሩ፤ ቆይቶም የምሽት ክበብ ባለቤቶች። ሙዚቀኛው ሲለቅ ጡሩምባው እዚያው ይቀራል። የዋልያስ ልጆች መሣሪያቸውን በራሳቸው ገዝተው ሒልተን ሆቴል ተዋውለው ገቡ፣ ለዓመታትም እዚያው ተጫወቱ። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ሌሊት መንቀሳቀስ ክልክል ሆነ፤ ስለዚህ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ውጭ ተኩስ፣ ውስጥ ኦርጋን። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን አልበም አወጡ፤ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን የመታበት ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» ያለችው እዚያ ላይ ነው። ርዕሷን የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማዋን ያውቃታል።

በ1981 ዋልያስ አሜሪካ መጣ። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ወደ አገር ቤት ተመለሰ፤ ጋሽ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴ እና መላኩ ገብሬ እዚህ ቀሩ። እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። የፈረንጆቹ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ «ከባንዱ ወጥቶ የመጀመሪያ የብቻ አልበሙን አወጣ» ሲባል ሰውዬው ተጣልቶ ወይም ክብር ፈልጎ ነው የሚወጣው። ጋሽ ኃይሉ ማንንም ጥለው አልወጡም። ግማሹን ባንድ ከግማሹ የለየው ያንን ዘመን ሁላችሁም የምታውቁት ጉዳይ ነው። የቀሩትን አራቱን ደግሞ ቁጠሯቸው፦ ኦርጋን፣ ፒያኖ፣ ሳክስፎን፣ ቤዝ። ድራም መቺ የለም።

ዙላ ባንድ ብለው ዋሽንግተን ውስጥ ለአበሻው መጫወት ጀመሩ። ጋሽ ኃይሉም ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ለመማር ገቡ፤ እዚያ የተዋወቁት ሰው ትንሽ ስቱዲዮ ነበረው። በ1985 እዚያች ክፍል ብቻቸውን ገብተው የመጀመሪያ የብቻ ካሴታቸውን ቀዱ። «ሸሞንሟናዬ» የሚባለው ነው፤ የፈረንጅኛ ርዕሱ «ኃይሉ መርጊያ እና ክላሲካል መሣሪያው» እንደማለት ነው። ፈረንጆቹ በዚህ ርዕስ ግራ ይጋባሉ፣ ቤትሆቨን ይፈልጉበታል። እኛ ግን ድምፃዊ የሌለበትን ሙዚቃ «ክላሲካል» ስንል ነው ያደግነው።

አሁን መሐንዲሱን ትንሽ ታገሡት፣ የድሮ ሙያዬ ነው። ካሴቱ ላይ አራት ዘመን አለ። አኮርዲዮኑ ነፋስና የብረት ምላስ ነው። ሮድስ ፒያኖው መዶሻ ብረት ይመታል፣ ያንን ንዝረት ማግኔት ይለቅመዋል። ሙግ የኤሌክትሪክ ሞገድ በወረዳ ያመነጫል። ያማሃ ዲ ኤክስ ሰቨን ደግሞ በ1983 የወጣ ነው፣ ድምፁን በቁጥር አስልቶ ነው የሚሠራው። ከበሮው ማሽን ነው። አንዱን ይቀዳሉ፣ እሱን እየሰሙ ሌላውን ይደርቡበታል፤ አንድ ሰው ባንድ እስኪሆን ድረስ። ማሽን ደግሞ ሰው አይጠብቅም። የሒልተኑ ድራም መቺ ኦርጋኑ ሲዘገይ አብሮ ይዘገይ ነበር፤ ይሄኛው ግን ንቅንቅ አይልም። «አምባሰል»ን ወይም «ሽለላ»ን በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፦ አኮርዲዮኑ ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ከዚያ ይደርስበታል። ለእኔ የካሴቱ ውበት እዚያች መዘግየት ውስጥ ነው። ደግሞ አስቡት፣ አዲሱን ሁሉ መሣሪያ ከፊታቸው ደርድረው ዜማውን የሰጡት ለልጅነታቸው አኮርዲዮን ነው። ኦርጋን ቁልፉን ከተጫንከው እኩል ይጮኻል፤ አኮርዲዮን ግን ክንድህ ካልሳበው አይተነፍስም።

1985 ማለት የእኛ ሰባ ሰባት ነው። የዚያ ዓመት ጥር ውስጥ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ብዙ በማይርቀው ላ ብሪያ ጎዳና፣ ከ40 በላይ የአሜሪካ ከዋክብት በአንድ ሌሊት ተሰብስበው ለተራበችው አገራችን «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ዘፈኑ። ምስጋና ይግባቸው፣ እህል ሆኗል። ግን ዓለም በዚያ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ የሰማው ያንን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት አንድ ኢትዮጵያዊ ዋሽንግተን ውስጥ አምባሰል ይጫወት እንደነበር የጠየቀ የለም።

ጋሽ ኃይሉ ቆይተው መድረኩን ተዉ፣ ታክሲ ያዙ፣ ደለስ ኤርፖርት። የሚሠራው የሚያውቀው ነው፦ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ልትቀመጥ ትችላለህ። እኛ እዚህ ካርታ እንጫወታለን፣ ፖለቲካ እንጨቃጨቃለን። እሳቸው ከመኪናው ኪስ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥተው መኪና ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ይሄንን ጋዜጦቹ «አሳዛኝ» አድርገው ይጽፉታል። እኔ አሳዛኝ ሆኖ አልታየኝም። ልጆቹን ከዚህ ሥራ ያስተማረ ሰው ስንት አለ መሰላችሁ!

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ባለቤት ካሴቱን ባሕር ዳር አገኘው። ስልካቸውን አፈላልጎ ደወለላቸው፣ በ2013 እንደገና ታተመ። ሥራውን አላጣጥልም፤ ጋሽ ኃይሉ ከዚያ በኋላ ዓለምን ዞሩ፣ በ2018ም «ላላ በሉ»ን ይዘው መጡ፣ ያኔ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ግን የጠፋ ካሴት ከስንት ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ምን ይሠራል? ሰው ሲሰማው ነው የቆየው። አባቴ ቤት እንዲህ ያለ ክላሲካል እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ ይከፈት ነበር።

ሐቁን ለመናገር ግን፣ ማን እንደሚጫወተው ጠይቄ አላውቅም። አባቴም የነገረኝ ነገር የለም። ድምፃዊ ከሌለበት ስሙን የሚያነብ የለም፣ ካሴቱ ወሬ ማጀቢያ ነው። እዚህ መጥተን በየምግብ ቤቱ ጥግ ኪቦርዳቸውን አቅፈው የሚጫወቱትን ሰዎችስ? ጥብሱ ሲመጣ ጀርባችንን እንሰጣቸዋለን። ያን ማታ ለፈረንጁ መልስ ያልሰጠሁት ደንበኛ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ቢያንስ እሱ ስማቸውን ያውቃል።

ከናንተ መሃል ዋልያስን በ1981 እዚህ አሜሪካ ያየ፣ ወይም ዙላን ዋሽንግተን የሰማ አለ? የዋናው ካሴት ሽፋን ያላችሁም ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ከታች ለጥፉልኝ። እኔ ነገ ሌሊት 10 ሰዓት ሰልፍ ላይ ነኝ፣ አነበዋለሁ።