የሙት ገላና የሕያው ፈቃድ

የሕክምና ተማሪ የሰውን ገላ ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ሊያውቀው አይችልም፤ ጅማቱንና የደም ሥሩን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳሶ መማር ይገባዋል። ለዚህም በድን ያስፈልጋል። በድኑን ማን ፈቅዶ ይሰጠዋል? ይህን ጥያቄ የብሪታንያ ሕግ እንዴት እንደ መለሰው እንመልከት።

በ1752 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ፣ ነፍስ ገድሎ በስቅላት የተቀጣ ሰው ሬሳው በሐኪሞች ሳይቀደድ ወይም በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሳይታይ እንዳይቀበር አዘዘ። መቀደድ እንግዲህ ከሞት በላይ የተጨመረ ቅጣት ነበረ። ነገር ግን የተሰቃዮች ሬሳ ለትምህርት ቤቶቹ አልበቃም፤ ሌቦች በሌሊት መቃብር እየቆፈሩ ይሸጡ ጀመር። ሐዘንተኞችም ለቅሶአቸውን ሳይጨርሱ የመቃብር ዘበኛ ሆኑ።

በ1827 ዓ.ም. በኤዲንበርግ ከተማ አንድ ሽማግሌ ጡረተኛ የ4 ፓውንድ የቤት ኪራይ ዕዳ ሳይከፍል ሞተ። ሄር የተባለው አከራይና ወዳጁ ቡርክ ሬሳውን ለሐኪሙ ለሮበርት ኖክስ በ7 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ሸጡት። ትርፉን ካዩ በኋላ ሞት እስኪመጣ መጠበቅን ተዉ፤ እስከ 1828 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ 16 ሰው ገደሉ። ሄር መስክሮ ሲያመልጥ ቡርክ በ1829 ዓ.ም. ተሰቅሎ ተቀደደ፤ አጽሙም እስከ ዛሬ በኤዲንበርግ ዩኒቨርስቲ ይገኛል። ገዢው ሐኪም ግን አልተከሰሰም።

በ1832 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የሬሳውን ገበያ ዘጋ፤ ይሁን እንጂ ነፍሰ ገዳዩን ከመቀደድ ነፃ ሲያወጣ ድኻውን በቦታው ተካው። በድኾች መጠለያ ሞቶ ዘመድ ያልጠየቀው ሰው ለሐኪሞች እንዲሰጥ ፈቀደ። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ በጽሑፍ ወይም በሁለት ምስክሮች ፊት እምቢ ካላለ፣ ዝምታው እንደ ፈቃድ ተቆጠረ። ለቀብሩ ብሎ በእድር ገንዘብ የሚያዋጣ ሕዝብ የዚህን ክብደት ሳይነገረው ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት፣ ሕጉ ከመጽደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም ገላው ለትምህርት ይቀደድ ብሎ ተናዞ ሞተ። አጽሙ የገዛ ልብሱን ለብሶ በለንደን ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተቀምጧል። ባለጠጋው በኑዛዜ ሲሰጥ ድኻውን የጠየቀው አልነበረም።

በ1999 ዓ.ም. በሊቨርፑል በአልደር ሄይ ሆስፒታል የሞቱ ሕፃናት የአካል ክፍሎች ወላጆች ሳያውቁ ተቀምጠው መቆየታቸው ተገለጠ። ከዚህ በኋላ በ2004 ዓ.ም. ለእንግሊዝ፣ ለዌልስና ለሰሜን አየርላንድ በወጣው ሕግ መሠረት፣ ገላው ለትምህርት የሚቀደድ ሰው በሕይወቱ ሳለ ራሱ በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት መፍቀድ አለበት። ሚስትም ሆነች ልጅ በሟቹ ፈንታ ሊፈቅዱ አይችሉም።