ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፦ የስኩባ ጉዞ መቼ ይሰረዝ?



ዓርብ ማታ በፌርፋክስ ጎዳና የጾም በያይነቱ ተበልቶ፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ፣ «ነገ ባሕር እንሂድ» የሚል ወሬ ይነሳል። ከወዳጆቼ መካከል ስኩባ ተምረው የምስክር ወረቀት የያዙ ስላሉ፣ ባሕር እንሂድ ማለት ለእኛ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ ማለት ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የአየሩና የባሕሩ ሁኔታ ሲከፋ ጉዞውን መቼ እንሰርዝ? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ውሳኔው ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ በቁጥር መወሰን አለበት። ባሕር ዳር ቆሞ የሚሰጥ ውሳኔ ብዙውን ጊዜ የይሉኝታ ውሳኔ ነው።

ፀሐይ ወጥታ ባሕሩ ለምን ይቆጣል?

እኛ ደራሽ ውሃን እናውቃለን። እርስዎ ባሉበት ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ ደጋ በዘነበው ወንዙ ሞልቶ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ድሬዳዋን አጥለቅልቆ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው፣ ከከተማዋ በላይ ባሉት ደጋዎች በጣለው ዝናብ ነበር። የፓስፊክ ሞገድም እንዲሁ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሰሜን ፓስፊክ፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ ከደቡብ ንፍቀ ክበብ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተነሳ ማዕበል የወለደው ሞገድ በጠራ ሰማይ ሥር ሎስ አንጀለስ ይደርሳል። ስለዚህ ስልክዎ ላይ ያለው የፀሐይ ሥዕል ስለ ባሕሩ ምንም አይነግርዎትም።

መታየት ያለባቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የሞገዱ ቁመትና በሁለት ተከታታይ ሞገዶች መካከል ያለው ጊዜ። ሁለቱንም ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ መለኪያዎች ይመዘግባሉ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎትና በሳንዲያጎ የሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም በነፃ ያወጧቸዋል።

ብዙ ሰው ቁመቱን ብቻ አይቶ ያልፋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በጥልቅ ባሕር የሞገድ ርዝመት በሜትር የሚገኘው የጊዜውን ካሬ በ1.56 በማባዛት ነው። የ8 ሰከንድ ሞገድ 100 ሜትር፣ የ16 ሰከንዱ ደግሞ 400 ሜትር ይረዝማል። ሞገድ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው እስከ ርዝመቱ ግማሽ ጥልቀት ድረስ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው እስከ 50፣ ሁለተኛው እስከ 200 ሜትር ይወርዳል። ወለሉ 12 ሜትር በሆነ ቦታ፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ የ8 ሰከንድ ሞገድ ወለሉ አጠገብ ያለ ጠላቂን 1 ሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ያላጋዋል። ያው ቁመት ያለው የ16 ሰከንድ ሞገድ ግን 2.5 ሜትር ያህል ይወስደዋል። ዐለት አጠገብ ላለ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ማታ የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

1. ሞገዱ ምን ያህል ነው? ከባሕር ዳር ለምንገባበት ቀን የእኔ ወሰን ይህ ነው፦ ቁመቱ ከ1 ሜትር፣ ጊዜውም ከ14 ሰከንድ ካለፈ አልሄድም። የእርስዎ ወሰን እንደ ልምድዎ ሊለይ ይችላል፤ ግን ይጻፍ።

2. ንፋሱስ? ለትናንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ከወጣ ጉዞው ይሰረዛል። በተለይ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከበረሃው የሚነፍሰው የሳንታ አና ንፋስ ያታልላል። በከተማችን ዳርቻ ሞገዱን አለስልሶ ያምር ያስመስለዋል፤ ነገር ግን ከውሃ የወጣን ጠላቂ ወደ መሐል ባሕር ይገፋዋል። ካታሊና ደሴት ላይ ደግሞ አቫሎን ፊቷን ወደ ዋናው ምድር ያዞረች ስለሆነች፣ ንፋሱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር አቋርጦ በሌላ ጊዜ ጸጥ የሚለውን ዳርቻ ያናውጠዋል።

3. ዘንቦ ነበር? በፌርፋክስ አስፋልት ላይ የወረደው ዝናብ የመኪናውን ዘይትና የመንገዱን ቆሻሻ ይዞ፣ ሳይጣራ፣ በባሎና ክሪክ በኩል ሳንታ ሞኒካ ወሽመጥ ይገባል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ጤና መምሪያ ከዝናብ በኋላ 72 ሰዓት ባሕር ውስጥ እንዳይገባ ይመክራል።

4. መውጫው የት ነው? መግባት ቀላል ነው። የሚወጡት ግን ደክመው፣ በርዶዎት፣ አየርዎ ጎድሎ፣ ምናልባትም ሞገዱ ከቅድሙ ጨምሮ ነው። የታሰበው መውጫ ቢዘጋ ሌላ ከሌለ፣ ጉዞው አይሆንም።

ባሕር ዳር ሲደርሱ

ከመልበስዎ በፊት 20 ደቂቃ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ትልልቆቹ ሞገዶች በቡድን እየመጡ፣ በመካከላቸው ረጅም ጸጥታ ይኖራል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚያ ጸጥታ ነው። ረጃጅሙ የባሕር አረም ወደ አንድ ወገን ተጋድሞ ከታየ ከሥር ኃይለኛ ጅረት አለ። ነጎድጓድ ከተሰማ የመጨረሻው ድምፅ ካለፈ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንድ ደንብ ግን አይጣስ። ማታ «እንሄዳለን» የተባለው ጠዋት «ይቅር» ሊሆን ይችላል። ማታ «ይቅር» የተባለው ግን ጠዋት «እንሂድ» አይሆንም።

የይሉኝታ ነገር

ይህን ደንብ የተማርኩት በዋጋ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሆነን ወደ ማሊቡ ሄድን። የሞገዱ ጊዜ 15 ሰከንድ መሆኑን ማታ አይቼ ነበር። ስንደርስ ባሕሩ ዝም ብሏል። ጓደኞቼ መልበስ ሲጀምሩ «ተውት» ማለት አፈርኩ። ስንወጣ ከኋላችን የተነሳው ሞገድ አንዱን ወዳጃችንን ገልብጦ ዐለት ላይ ጣለው። መነጽሩንና አንድ የእግር መቅዘፊያውን ባሕሩ ወሰደ፤ ትከሻው ወለቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ከዚያ አላለፈም። ማታ ሆስፒታል ቁጭ ብለን ስንነጋገር ግን አንድ ነገር ተገለጠ፤ ሦስታችንም መግባት አልፈለግንም ነበር። እያንዳንዳችን ሌሎቹን ላለማስቀየም ገባን።

በስኩባ ትምህርት የሚሰጥ አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ ማንኛውም ጠላቂ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይጠየቅ መጥለቁን መሰረዝ ይችላል። ለእኛ ከባዱ ይህን ማወቁ ሳይሆን በወዳጅ ፊት መናገሩ ነው። ስለዚህ በእኛ ቡድን ቃሉን አቅልለነዋል። «ይቅር» ያለ ሰው ለምን አይባልም፤ ወደ ፌርፋክስ ተመልሰን ምሳ እንጋብዘዋለን።

ባሕሩ ለሚቀጥለው ቅዳሜም አለ። ቸር ይግጠመን።