ጅራቱ የተነከሰ ጭራቅ

ልጅ ሳለሁ «አያ ጅቦ መጣልህ!» ሲሉኝ ብርድ ልብስ ውስጥ እደበቅ ነበር። ሲነጋ ግን ጓሮ ወርጄ ራሱን አያ ጅቦን ከጭቃ እሠራና ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ዝናብ ሲመጣ ይፈርሳል፤ ሌላ ይሠራል። ከነዚያ ጅቦች አንድም የተረፈ የለም፤ ማን ይፈልገዋል ብላችሁ!

ይህን ያስታወሰኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቶኪዮ ውስጥ፣ ናካኖ ብሮድዌይ በሚባለው የገበያ ሕንጻ ያየሁት የመስታወት ሳጥን ነው። የተደረደሩበት የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የጭራቅ አሻንጉሊቶች ናቸው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ዋጋቸውን ሳይ ዜሮዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

የነገሩ መነሻ ጨዋታ አይደለም። ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ ቢኪኒ ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር መርዛም አመዱ በአንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ዘነበ። 23ቱም ሠራተኞቿ ታመሙ፤ የሬዲዮ ሠራተኛው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሞተ። ኖቬምበር 3 ቀን ደግሞ ኢሺሮ ሆንዳ ያዘጋጀው ፊልም ወጣ፤ የቦምብ ሙከራ ከባሕር የቀሰቀሰው ጎድዚላ ቶኪዮን ሲያቃጥል የሚያሳይ። ከተማዋ በእውነተኛ ቦምብ ከነደደች ገና 9 ዓመቷ ነበር። ተመልካቹ እሳቱን ያውቀዋል።

ታዲያ 12 ዓመት ቆይቶ ይኸው ጭራቅ የልጅ መጫወቻ ሆኖ አረፈው! በ1966 «ኡልትራ ኪው» እና «ኡልትራማን» በቴሌቪዥን ሲጀምሩ ጭራቅ በየሳምንቱ በየቤቱ ይገባ ጀመር። ማሩሳን የተባለው ኩባንያም በዚያው ዓመት ለስላሳ የቪኒል ጭራቆችን ለገበያ አወጣ። አሠራሩ ደስ ይላል። ፈሳሹ ቪኒል ከብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ ይሞቃል፤ ዳር ዳሩ ሲረጋ መሐሉ ይደፋል፤ የቀረው ቆዳ ገና ትኩስ ሳለ በጉጠት ተስቦ ይወጣል። እጅና እግሩ ይገጠምለታል፤ ፊልሙ ላይ ያልነበረ ቀለም ይረጭበታል። ፊቱም ክብ ክብ፣ የዋህ የዋህ ይላል።

ማሩሳን በ1968 ከሰረ። ሠራተኞቹ የነበሩ ሰዎች በ1969 ያቋቋሙት ቡልማርክም በ1977 ወደቀ። ዛሬ ሰብሳቢው የሚያሳድደው የነዚህን የሁለቱን ሥራ ነው፤ በተለይ ከነከረጢቱ፣ ማንም ያልከፈተውን።

እኔን ያቆመኝ ግን ጥግ የተጣለው ነው። የጅራቱ ጫፍ ተነክሷል። ውስጥ እግሩ ላይ አንድ ልጅ ስሙን በብዕር ጽፏል። ዋጋው የጎረቤቱን ሩብ አያክልም። ለምን ብዬ ብጠይቅ ሻጩ «ስሙ ነው ያረከሰው» አለኝ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ ኅዳጉ ላይ አንባቢ የተሟገተበትን መጽሐፍ ከአዲሱ አስበልጬ ኖሬያለሁ። ሰብሳቢዎቹን አልነቅፍም፤ እነሱ ባይኖሩ ያ ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ገብቶ ነበር። ነገር ግን ያልተከፈተው ከረጢት የሚያወራልኝ ስለ ፋብሪካው ብቻ ነው። ወላጆቹ ከእሳት የሸሹ ሊሆን የሚችል አንድ ልጅ፣ እሳት የሚተፋውን ጭራቅ ጅራቱን ይዞ መንከሱን የነገረኝ ያ የረከሰው ነው።

ገዛሁት። አሁን መጻሕፍቴ መሐል ቆሟል። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ አውርዳ፣ ጅራቱን ወደ አፏ ስትወስድ ደረስኩባት። የድሮ ቀለም ለሕፃን አፍ አይታመንም ብዬ ቀማኋት፤ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። እስከ ማታ አኩርፋኝ ዋለች።