ከተራራ የወረደው አፈር



በክረምት ወራት በጅማ መንገድ ከሰበታ አልፎ ወደ በቾ ሜዳ የወረደ መንገደኛ፥ በተጂ አካባቢ ማሳው ውኃ አቁሮ፥ ጥቁሩ መረሬ አፈርም ጭቃ ሆኖ ይመለከታል። ጤፉና ሽምብራው የታወቀው ይህ ሜዳ ከልምላሜው ከፊሉን ያገኘው፥ በዙሪያው ካለው ከፍተኛ ስፍራ በብዙ ዘመን ታጥቦ ከወረደ አፈር ነው። ይሁን እንጂ በዝግታ ሲወርድ ሜዳውን ያለመለመው አፈር፥ በጥድፊያ ሲወርድ ላዩንም ታቹንም ይጎዳል።

የዝግታው ጠባቂ ደን ነው። ቅጠሉ የዝናሙን ኀይል ያበርዳል፤ ብስባሹ ውኃውን ይመጥጣል፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። ደኑ ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ይልቁንም ጤፍ፥ መሬቱ ተደጋግሞ ታርሶና ለስልሶ ዝናም በሚበረታበት ወራት የሚዘራ በመሆኑ፥ ቡቃያው እስኪሸፍነው ድረስ ተዳፋቱ ራቁቱን ለጎርፍ ይጋለጣል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ማስተከላቸው በትውፊት ይነገራል፤ የመናገሻ ሱባ ደንም ከዚሁ ጋር ስሙ ይነሣል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ግን፥ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ሲባል ዙሪያዋ ስለ ተራቆተ፥ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ከዚህ ችግር ያወጣት ባሕር ዛፍ ነው። ነገር ግን የወደቀው ቅጠል ለማገዶ ሲጠረግ ከሥሩ ያለው መሬት ባዶውን ስለሚቀር፥ የቀድሞውን ደን ያህል አፈር አይጠብቅም።

ዓባይ አፈራችንን ወደ ውጭ ይወስዳል እያልን ዘወትር እናዝናለን። አዋሽ ግን ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፥ በቾን አቋርጦ፥ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር የሚቀር ነው። ስለዚህ የተሸከመውን አፈር ከራሳችን ግድብ ያስቀምጠዋል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅ፥ መጀመሪያ ውኃ ይይዝ ከነበረው ስፍራ ከሩብ የሚበልጠው በደለል ተሞልቷል። ደለል የያዘው ስፍራ ለመብራት፥ ለመስኖና ጎርፍን ለመግታት አይውልም።

በ1978 ዓ.ም. የወጣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጥናት፥ ከኢትዮጵያ ደጋ በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቶ ነበር። ከ1966ቱ ረኃብ ወዲህም ገበሬው በብዙ አውራጃ እርከን ሠርቷል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ለውጥ መጥቷል። ሰበታና ቡራዩ እየሰፉ፥ የእርሻው መሬት ቤትና ፋብሪካ ሆኗል፤ በ2015 ዓ.ም.ም ከሱሉልታና ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ቆርቆሮና አስፋልት ውኃ ስለማይጠጡ፥ ቀድሞ መሬት ውስጥ ይሰርግ የነበረው ዝናም በአንድ ጊዜ ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ ቦዩንም እየሸረሸረ ገደል ያደርገዋል።

እንግዲህ በመሬት ጉዳይ የሚፈርም የመንግሥት ሠራተኛ፥ ማኅተሙን ከማድረጉ በፊት በዚያ ቦታ የሚዘንበው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቅ። ሳይጠየቅ ያለፈው ነገር፥ በክረምት በተጂ ገበሬ ማሳ፥ ከዚያም በቆቃ ሐይቅ ውስጥ ይገኛል።