ሕግ «ልጅ» የሚለው ማንን ነው?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ አካለ መጠን ያላደረሰ ብሎ፣ ሰውነቱን ለአሳዳሪ፣ ንብረቱን ለሞግዚት አደራ ሰጠ። አባትና እናት በጋብቻ ሳሉ ሁለቱንም ሥራ በአንድነት ይይዛሉ።

ነገር ግን ይኸው ሕግ ወንዱ ለጋብቻ 18 ዓመት እንዲሞላው ሲያዝ፣ ለሴቲቱ 15 ይበቃታል አለ። ያገባ ልጅ ከሞግዚት ሥልጣን ነፃ ይወጣ ነበርና፣ የወንድሟ ልጅነት ሳያልቅ የእርሷ በሠርጓ ቀን አበቃ። ስታስተምር በኖረች ዓይኔ በዚህ ምክንያት ባዶ የቀረ ወንበር አይቻለሁ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር፣ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገ።

እንግዲህ ልጅ ለወላጁ አደራ ነው እንጂ ርስት አይደለም። እኅትህን ያለ ጊዜዋ ሊድሯት ሲመክሩ ብትሰማ ዝም አትበል።