የትንሿ ላፕቶፕ ታሪክና የመመዘኛዋ ነገር

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው፥ በ2007 ዓ.ም. ለገበያ ቀርባ ብዙ የተባለላትን፥ ከስድስት ዓመት በኋላም ከገበያ የጠፋችውን ትንሽና ርካሽ ላፕቶፕ፥ ማለት ኔትቡክ የተባለችውን ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለ እርስዋ ከጻፉት ብዙዎቹ፥ ለዕለት ተዕለት ሥራ ትበቃለች ወይስ አትበቃም የሚለውን ጥያቄ በትልቁ ኮምፒውተር ሚዛን ስለ መዘኑት፥ ፍርዳቸው ገና ከመነሻው ያዘነበለ ሆኖ እናገኘዋለን። እኛ ግን ጥያቄው ከታሪክዋ ተነሥቶ መጠየቅ አለበት እንላለን፤ ይኸውም ትንሿ መኪና ስትሠራ ከትልቁ ምን ተቀነሰ? የተቀነሰውስ ለማን ያስፈልግ ነበር? ተብሎ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከ2007 በፊት ነው። በ1981 የወጣው ኦስቦርን 1 ተንቀሳቃሽ ይባል እንጂ ክብደቱ 11 ኪሎ ያህል ነበር፤ አብሮት የሚመጣ ባትሪም ስላልነበረው፥ ተሸክመው ቢያደርሱት እንኳ ሶኬት ካልተገኘ ከሣጥን አይለይም። ከነፕሮግራሞቹ በ1,795 ዶላር መሸጡ ግን ለዚያ ዘመን ርካሽ አሰኝቶታል።

ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚቀርበው በ1983 የወጣው ቲ.አር.ኤስ. 80 ሞዴል 100 ነው። ይህን መሣሪያ የሠራው የጃፓን ኩባንያ ኪዮሴራ ሲሆን፥ በአሜሪካ የሸጠው ሬዲዮ ሻክ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው 8 መስመር ብቻ፥ በእያንዳንዱም መስመር 40 ፊደል ነው፤ ዲስክ የለውም፤ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም። ዳሩ ግን ኪቦርዱ የሙሉ የጽሕፈት መኪና ስፋት ያለው ነበር፤ ከሱቅ በሚገዙ 4 ተራ የባትሪ ድንጋዮችም 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። በውስጡ በስልክ መስመር ጽሑፍ የሚልክ ሞደም ስለ ነበረው፥ ጋዜጠኞች ወሬውን ካገኙበት ቦታ ሆነው ጽፈው ወደ ዝግጅት ክፍላቸው ይልኩበት ነበር። በትልቁ ኮምፒውተር ሚዛን ቢታይ ይህ መኪና ከንቱ ነው። ለጋዜጠኛው ግን ከተቀነሰበት ነገር ውስጥ አንድም የሚያስፈልገው አልነበረም። ይህን ምሳሌ ያስረዘምነው ኋላ የምንመለስበት ስለሆነ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ትንሽነትና ርካሽነት ተለያዩ፤ ትንሽ የሆነው ላፕቶፕ ሁሉ ውድ ነበር። ሁለቱን እንደገና ለማገናኘት የተነሣው በኤም.አይ.ቲ. ያስተምር የነበረው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ነው። እርሱ በ2005 በዳቮስ ጉባኤ፥ ለድኻ አገሮች ልጆች የሚሆን ባለ 100 ዶላር ላፕቶፕ እንደሚሠራ አስታወቀ። ኤክስ ኦ የተባለችው ይህችው መኪና በ2007 መጨረሻ በብዛት መመረት ስትጀምር ዋጋዋ ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ስክሪንዋ በፀሐይ ብርሃን ይነበባል፤ ኪቦርድዋ አቧራና ውኃ እንዳይገባበት በጎማ የተሸፈነ ነው። በ2008 ወደ ኢትዮጵያም 5,000 ያህል መጥተው የኢትዮጵያ ፊደል ባለበት ኪቦርድ ለተማሪዎች ታድለዋል። ይሁን እንጂ መምህሩ ሲያስተምር ተማሪው መኪናይቱን መነካካቱ ትምህርት የሚያስፈታ ሆኖ የታያቸው መምህራን እንደ ነበሩ ተጽፏል። በእኛ አስተያየት መምህራኑ አይፈረድባቸውም፤ መኪናይቱ የታሰበችው ለልጁ ነበር እንጂ መምህሩ በክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግባት እምብዛም አልታሰበበትም።

ነጋዴው ዓለም ይህን አይቶ ዝም አላለም። የታይዋኑ ኩባንያ አሱስ በሰኔ 2007 በታይፔ የኮምፒውተር ትርኢት ላይ ኢ ፒሲ 701ን አሳየ፤ በጥቅምትም መሸጥ ጀመረ። በ199 ዶላር እንደምትሸጥ ተነግሮ የነበረ ቢሆንም፥ ባለ 4 ጊጋባይቷ ገበያ ላይ የወጣችው በ399 ዶላር ነው። ስክሪንዋ 7 ኢንች፥ ክብደትዋ 920 ግራም ነበር። ፕሮሰሰርዋ 900 ሜጋኸርዝ ተብሎ ቢጻፍበትም በፋብሪካው በ630 እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። በሊኑክስ ትሠራለች፤ የሚሽከረከር ዲስክ ስለሌላት ቢያንገላቷትም ብዙ አትሰጋም።

ከእነዚህ መኪናዎች አንዲቱ ያገለገለች ሆና በእጃችን ስለ ገባች፥ ቀለል ያለ ሊኑክስ ጭነን ጥቂት ሳምንት ሠራንባት። ስክሪንዋ በወርድ 800 ነጥብ ብቻ ስለሆነ፥ ለሰፊ ስክሪን የተዘጋጀውን የኢንተርኔት ገጽ ለማንበብ ወደ ጎን እየገፉ መሄድ ግድ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ግን የኪቦርድዋ አሠራር ነው። የቀኙ ሺፍት ጠብባ ወደ ዳር ስለ ተገፋች፥ በቦታዋ ወደ ላይ የምትወስደው ቀስት ተቀምጣለች። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ይህ ትንሽ መሰናክል ነው። በድምፅ አጻጻፍ ዘዴ አማርኛ ለሚጽፍ ግን ጠን ከተ፥ ጨንም ከቸ የሚለየው ሺፍት ስለሆነ፥ በዐሥር ጣቱ የለመደ ጸሐፊ «ጠ»ን ሲፈልግ ቀስቷን ነክቶ አንድ መስመር ወደ ላይ ይወጣና «ተ»ን ሌላ ቃል መካከል ይጥለዋል። «ጠቅላላ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ጻፍነው አንናገርም። በሦስተኛው ሳምንት በግራው ሺፍት ብቻ መጻፍ ለመድን። ከዚያ ወዲያ ለማስታወሻና ለድርሰት አላነሰችንም፤ በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ከመጻሕፍት ጋር ጎን ለጎን የምትበቃ ሌላ ላፕቶፕ አላገኘንም።

ኔትቡክ ስለምን ጠፋች? የተለመደው መልስ በ2010 የወጣው አይፓድ ገደላት የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱ ቀደም ብሎ የጀመረ ይመስለናል። በ2008 ኢንቴል አተም የተባለውን ፕሮሰሰር ባወጣ ጊዜ አሴር፥ ኤም.ኤስ.አይ.ና ዴል ሁሉም ተከተሉ። ስክሪኑ ወደ 9፥ ቀጥሎም ወደ 10 ኢንች ሰፋ፤ የሚሽከረከረው ዲስክ ተመለሰ፤ በሊኑክስም ፈንታ ማይክሮሶፍት ዕድሜውን ያራዘመለት ዊንዶውስ ኤክስ ፒ ገባ። ገዢው ትልቁ የሚሠራውን ሁሉ ከትንሿ መጠበቅ ጀመረ፤ እርስዋ ግን ያን ለመሥራት ዐቅም አልነበራትም። በ2009 በብዙዎቹ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ 7 ስታርተር የጀርባውን ሥዕል እንኳ ለመቀየር አይፈቅድም ነበር፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ዕቃ ሥዕል እንዳይለውጥ መከልከሉ ሳያስቀን አልቀረም። በ2013 መጀመሪያ አሱስና አሴር መሥራቱን ተዉት። የመቀነሱን ሐሳብ ያነሣው በ2011 የተጀመረው ክሮምቡክ ነው፤ እርሱ ደግሞ በተራው ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራው ጥቂት ነበር፤ መስመር በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቀላል ቅናሽ አይደለም።

ወደ ሞዴል 100 እንመለስ። እርሱን የሠሩት ሰዎች ኪቦርዱን አልነኩም፤ የቀነሱት ስክሪኑንና ዲስኩን ነው። የ701 ሠሪዎች ግን ጸሐፊው ቀኑን ሙሉ የሚነካውን ቀነሱበት። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ ለዕለት ሥራ ትሆን እንደሆነ የሚመዝን ሰው፥ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከመጠየቁ በፊት ኪቦርድዋን ይንካ፤ ቀጥሎም ባትሪዋ ያለ ሶኬት ስንት ሰዓት እንደሚያቆያት ይጠይቅ። በዚህ በሁለተኛው የእኛይቱ ወድቃለች፤ ባትሪዋ ከማርጀቱ የተነሣ ገመዱ ሲነቀል ወዲያው ትጠፋለች። የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ የጻፍነው በእርስዋው፥ ከግድግዳው ሶኬት አጠገብ ተቀምጠን ነው።